በአንገት የሚንጠለጠል ኮምፒውተር፦ ፈታችሁ ግጠሙት

በ1961 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍላችሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ሁለት ሰዎች ሚስቶቻቸውን ይዘው ላስ ቬጋስ ከሚገኝ ካሲኖ ገቡ። አንደኛው ክሎድ ሻነን ነው፤ ዛሬ በስልካችሁ ለሚተላለፈው ድምፅና ምስል ሁሉ መሠረት የሆነውን የኢንፎርሜሽን ንድፈ ሐሳብ በ1948 ያወጣው ሰው። ሌላኛው ኤምአይቲ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ኤድዋርድ ቶርፕ የሚባል ወጣት የሒሳብ መምህር ነው። ሻነን ሩሌት በሚባለው፣ ኳስ እየዞረች ቁጥር ላይ በምታርፍበት የቁማር ጨዋታ አጠገብ ቆሞ፣ ዕድሉን ሊሞክር እንደመጣ እንደማንኛውም ሰው የወጡትን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይጽፋል። ሥራው ግን ያለው ጫማው ውስጥ ነው። በእግሩ አውራ ጣት ሥር ትንሽ ማብሪያ አለች። ኳሷ በአንድ የታወቀ ነጥብ ላይ ስታልፍ ይጫናታል፤ ዞራ እዚያው ስትደርስ ደግሞ ይጫናታል። ሰውነቱ ላይ የተደበቀች፣ የሲጋራ ፓኬት የምታክል መሣሪያ በሁለቱ ጭነቶች መካከል ያለፈውን ጊዜ ይዛ ኳሷ የት አካባቢ እንደምታርፍ ታሰላለች። መልሱም በሬዲዮ ከሩሌቱ ጠረጴዛ ሌላ ጫፍ ወደተቀመጠው ወደ ቶርፕ ጆሮ ይሄዳል።

ይህች መሣሪያ በዓለም የመጀመሪያዋ ሰውነት ላይ የምትለበስ ኮምፒውተር ናት ይባላል። በውስጧ የነበሩት ትራንዚስተሮች 12 ብቻ ናቸው። እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ቢሊዮኖች አሉት።

እንዴት እንደምትሠራ ልንገራችሁ፤ ነገሩ በጣም ይጥማል። የሩሌት ኳስ ከተለቀቀች በኋላ ፍጥነቷን የምታጣው በዘፈቀደ አይደለም። አንዱን ዙር በስንት ጊዜ እንደዞረች ካወቃችሁ፣ ከጠርዙ ተንሸራትታ የምትወርድበትን ቅጽበት መገመት ትችላላችሁ። ከሥር ያለው ቁጥር ያለበት ጎማም በራሱ ፍጥነት ይዞራል፤ እሱንም በሁለት ጭነት መለካት ይቻላል። ካሲኖው ደግሞ ኳሷ ከተለቀቀች በኋላም ለጥቂት ሰከንዶች ገንዘብ ማስቀመጥ ይፈቅዳል። ቀዳዳው ያለው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ሩሌት 38 ቁጥሮች አሉት፤ እነሻነን ጎማውን በ8 ከፍለው ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ የሙዚቃ ድምፅ ሰጡት። የቶርፕ ጆሮ ውስጥ ድምፆቹ ተራ በተራ ይሰማሉ፤ ሻነን ኳሷን ለክቶ ሲጨርስ ድምፁ ይቆማል፤ መጨረሻ የተሰማው ድምፅ የትኞቹ አምስት ያህል ቁጥሮች ላይ ማስቀመጥ እንዳለበት ይነግረዋል።

ሩሌት በተለመደው መንገድ የሚጫወት ሰው ከሚያስቀምጠው ከያንዳንዱ 100 ዶላር በአማካይ ከ5 ዶላር በላይ ያጣል። እነቶርፕ በስሌታቸው በዚያው 100 ዶላር 44 ዶላር ትርፍ ይጠብቁ ነበር። ይህን ያገኙት በግምት አይደለም። ሬኖ ከምትባል የኔቫዳ ከተማ በ1,500 ዶላር ያገለገለ እውነተኛ የሩሌት ጎማ ገዝተው፣ በሻነን ቤት ምድር ቤት ውስጥ ተክለው፣ በፍጥነት በሚብለጨለጭ መብራትና በሰዓት ደጋግመው ለክተውታል።

ታዲያ ለምን ሚሊየነር አልሆኑበትም? ሽቦው! ከሬዲዮ መቀበያው ወደ ጆሮ የሚሄደው ሽቦ እንዳይታይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነበር፤ በቆዳቸው ቀለም ተቀብቶ አንገት ላይ ተለጥፏል፤ በትንሽ በትልቁ ይበጠሳል። ቶርፕ ራሱ ኋላ እንደጻፈው፣ አንድ ጊዜ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት በድንጋጤ ታፈጥበታለች፤ መጸዳጃ ቤት ሄዶ በመስታወት ሲያይ ድምፅ ማጉያዋ ከጆሮው እንደ ነፍሳት ብቅ ብላለች። በትንንሽ ሳንቲም ሞክረው መሥራቱን አረጋግጠው፣ ሽቦው እየተበጠሰ ስላስቸገራቸው ተዉት። ይህን ታሪክ የምወደው ለዚህም ነው። ስሌቱ፣ ኤሌክትሮኒክሱ፣ ድፍረቱ ሁሉ ተሟልቶ ሥራውን የያዘው አንድ ቀጭን ሽቦ ነው። በእጁ ዕቃ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል።

በ1970ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ የሳንታ ክሩዝ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪዎች፣ ዶይን ፋርመርና ኖርማን ፓካርድ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው፣ ያንኑ ሐሳብ በማይክሮፕሮሰሰር ደገሙት። ኮምፒውተሩን ጫማ ውስጥ ከተቱት፤ መልሱንም በጆሮ ሳይሆን የእግርን ሥር እየነካካ እንዲናገር አደረጉት። እነሱንም ያስቸገራቸው ሽቦና መጋጠሚያ ነበር። በ1985 የኔቫዳ ክልል በቁማር ቤት ውስጥ ውጤት የሚተነብይ ማንኛውንም መሣሪያ መጠቀም ወንጀል ነው ብሎ ደነገገ፤ ሕጉ ዛሬም ይሠራል። ስለዚህ ይህን ታሪክ ስሙት፣ ተማሩበት፣ ካሲኖ ውስጥ ግን እንዳትሞክሩት። ላስ ቬጋስ ካሲኖ ውስጥ በዲለርነት የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸውና፣ ዘመድ ያለው ይጠይቅ፤ ዓይናቸው እንዴት እንደሰለጠነ ይነግሩታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ያኔ ጫማ ውስጥ ተደብቆ ይገባ የነበረው በእጅ የተሠራ ኮምፒውተር፣ ዛሬ በዚያው ከተማ በየዓመቱ በኦገስት በአደባባይ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ሰው አንጠልጥሎት ይዞራል። ዴፍ ኮን የሚባል የሃከሮች ጉባኤ ላይ ነው።

ዴፍ ኮን በ1993 ሳንድስ በተባለው ሆቴል ሲጀመር መቶ ያህል ሰው ነበር የመጣው። ያዘጋጀው ጄፍ ሞስ የተባለ ወጣት፣ በመጀመሪያ ያሰበው ለአንድ ወዳጁ የመሰናበቻ ግብዣ ነበር፤ ወዳጁ ከቀጠሮው በፊት ሲሄድበት የሚያውቃቸውን ሃከሮች ሁሉ ላስ ቬጋስ እንገናኝ ብሎ ጠራቸው። ከዚያ ወዲህም የጉባኤው ቤት ላስ ቬጋስ ሆነ። ለረጅም ዓመታት መግቢያው በጥሬ ገንዘብ ብቻ ነበር፤ ስም አይጠየቅም። ስም ካልተጠየቀ ታዲያ የከፈለው ካልከፈለው በምን ይለያል? በባጁ። ባጅ ስላችሁ በፕላስቲክ የተሸፈነች ወረቀት አስባችሁ ከሆነ፣ እስከ 2005 ድረስ ብዙም ከዚያ አይርቅም ነበር።

በ2006 ግን ጆ ግራንድ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ባጁን ራሱን ሰርኪዩት ቦርድ አደረገው። ቦርዱ ላይ ሁለት ሰማያዊ ኤልኢዲ መብራቶች፣ አንዲት የሰዓት ባትሪ የመሰለች ክብ ባትሪና ፒክ10ኤፍ202 የምትባል ቺፕ አሉ። ይህችን ቺፕ ጠጋ ብለን እንያት። እግሮቿ ስድስት ናቸው። መጠኗ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ፕሮግራም የሚጻፍባት ቦታ 512 ትእዛዝ ይይዛል፤ ስትሠራ ነገር የምታስታውስበት ማኅደረ ትውስታዋ ደግሞ 24 ባይት ነው። 24 ባይት ማለት አሁን ከምታነቡት አረፍተ ነገር ውስጥ ስምንት ፊደል ያህል ብቻ ማስቀመጥ የሚችል ቦታ ነው፤ አንድ የእኛ ፊደል በኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ሦስት ባይት ይወስዳልና። በዚያች ቺፕ ላይ ሁለት መብራት በተለያየ ሥርዓት የሚያበራና የሚያጠፋ፣ ቁልፍ ሲጫኑት ሥርዓቱን የሚለዋውጥ ፕሮግራም ተጻፈባት።

ትልቁ ነገር መብራቱ አልነበረም። ጆ ግራንድ የቦርዱን ሙሉ ንድፍና የፕሮግራሙን ጽሑፍ ለሁሉም ሰጠ፤ «ይህን ባጅ እንደፈለጋችሁ ለውጡት» ብሎም ውድድር ከፈተ። ሰዎች ከጉባኤው አዳራሽ ወለል ላይ ተቀምጠው ሶልደር ማድረግ (በቀለጠ ብረት መበየድ) ጀመሩ። አስቡት፤ ብዙ ኩባንያ ዕቃውን ሲሸጥላችሁ በልዩ ብሎን ዘግቶ፣ በማጣበቂያ አሽጎ፣ ከከፈታችሁት ዋስትናው ይቀራል ብሎ ነው። ይህ ሰው ግን እንዲከፈት ብሎ ሠራው።

የሚቀጥለው ዓመት ባጅ የበለጠ ያስደንቀኛል። የ2007ቱ ባጅ 95 ጥቃቅን ኤልኢዲዎች ነበሩት፤ ጽሑፍ እየተንሸራተተ ያልፍባቸዋል። ቦርዱ ላይ ግን ሆን ተብሎ ምንም ያልተገጠመባቸው ባዶ ቦታዎች ተትተዋል። አንዱ እንቅስቃሴ ለሚለካ ቺፕ፣ ሌላው ለሬዲዮ ቺፕ። መስመሮቹ ተዘርግተዋል፣ የሶልደር ማረፊያዎች ተዘጋጅተዋል፤ ቺፑን ገዝቶ ማምጣትና መግጠም የባለባጁ ድርሻ ነው። ባጁን ያዘጋጀው ሰው ሥራውን ለእናንተ ጀምሮ እንደተወላችሁ ቁጠሩት። እኔ ከዚህ የተሻለ የኤሌክትሮኒክስ ማስተማሪያ አላውቅም።

በ2008 ደግሞ ባጁ የኤስዲ ካርድ ማስገቢያና ኢንፍራሬድ መብራት ይዞ መጣ፤ ሁለት ሰዎች ባጃቸውን ፊት ለፊት አድርገው ፋይል ይለዋወጣሉ፤ ሲፈልጉም በአካባቢው ያለውን ቴሌቪዥን ያጠፋሉ። የቴሌቪዥን ማጥፊያው ሐሳብ ሚች አልትማን ከሚባል ሰው የመጣ ነው፤ በ2004 ያወጣት ቲቪ-ቢ-ጎን የምትባል ቁልፍ ማንጠልጠያ የምታክል መሣሪያ የብዙ ኩባንያዎችን የማጥፊያ ኮድ ተራ በተራ ትልካለች። ከጊዜ በኋላ በኪት መልክ፣ ራሳችሁ ሶልደር አድርጋችሁ የምትገጥሟት ሆና ወጣች። በዚያው በ2008 ጃንዋሪ ላስ ቬጋስ ውስጥ በሚካሄደው ትልቁ የሲኢኤስ የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ላይ የአንድ ድረ ገጽ ጋዜጠኞች የኩባንያዎችን የማሳያ ቴሌቪዥኖች በዚህች መሣሪያ እያጠፉ ቪዲዮ ሠሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ከትርኢቱ ታገደ። ትክክለኛ እርምጃ ነው። በሰው ሥራ መሐል ገብቶ ማጥፋት ጨዋታ አይደለም።

ኢንፍራሬዱን ግን አሁኑኑ፣ ያለ ምንም ወጪ ልታዩት ትችላላችሁ። የስልካችሁን ካሜራ ክፈቱ፤ የፊቱ ካሜራ ብዙ ጊዜ ይሻላል። የቴሌቪዥኑን ሪሞት ጫፍ ወደ ካሜራው አዙራችሁ ቁልፍ ተጫኑ። በዓይን የማይታየው መብራት በስክሪኑ ላይ ወይን ጠጅ ሆኖ ሲርገበገብ ታያላችሁ። ያ መርገብገብ ቋንቋው ነው። መብራቱ በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል እየበራና እየጠፋ ይንቀጠቀጣል፤ ቴሌቪዥኑም ከፀሐይና ከአምፖል ብርሃን የሚለየው በዚህ ንቅጥቅጥ ነው። ንቅጥቅጡ ረዘም ወይም አጠር ብሎ በሚቆራረጥበት ሁኔታ ደግሞ «ድምፅ ጨምር»፣ «አጥፋ» የሚለው መልእክት ይጻፋል። ይህን ያየ ልጅ ሪሞትን ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አያየውም።

ሌሎቹን ዓመታት ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። በ2015 ባጁ በሸክላ ማጫወቻ የሚደመጥ እውነተኛ ሸክላ ነበር። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ጉባኤው በኢንተርኔት ሲካሄድ ካሴት ሆነ። በ2019 ጆ ግራንድ ተመልሶ መጥቶ በኳርትዝ ድንጋይ ያጌጠ ባጅ ሠራ፤ ባጆቹ ሲቀራረቡ በማግኔት መስክ ይነጋገራሉ፤ ይህ ዘዴ ለመስማት የሚያግዙ የጆሮ መሣሪያዎች ውስጥ የሚሠራበት ነው። የዚያን ዓመት ባጅ እንቆቅልሽ ለመጨረስ ከማታውቁት ሰው ጋር መቀራረብ ግድ ነበር፤ ሰውን ከሰው ያስተዋወቀ ባጅ ነው። በ2022 የፒያኖ ቁልፎች ያሉት ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ ሆነ።

በ2024ቱ ላይ ግን መቆም አለብኝ። ባጁ በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ ነበር፤ ልቡ ደግሞ ራስፕቤሪ ፓይ የሚባለው ኩባንያ አዲስ ቺፕ አርፒ2350። ቺፑ ለዓለም ይፋ የሆነው ኦገስት 8 ቀን፣ ጉባኤው በተከፈተበት ዕለት ነው። ማኅደረ ትውስታው 520 ኪሎባይት፤ ከ2006ቷ ቺፕ 24 ባይት ጋር ስታስተያዩት ከ22 ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ዋጋው ግን ሲወጣ ከአንድ ዶላር በታች ይጀምር ነበር፤ ቺፑ የተገጠመባት ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ 2 የምትባለው ቦርድም ያኔ 5 ዶላር ነበረች። ኩባንያው ከዚህም አልፎ፣ ቺፑ ውስጥ የተቆለፈ ሚስጥር ላወጣ ሰው 10 ሺህ ዶላር እሸልማለሁ ብሎ አወጀ፤ በኋላም ወደ 20 ሺህ አሳደገው። በጃንዋሪ 2025 ከአንድ በላይ አሸናፊ መገኘቱን ራሱ ተናገረ፤ እንዴት እንደተሰበረም በዝርዝር አሳተመ። የሚሸጠውን ዕቃ ድክመት በአደባባይ የሚያስነብብ ድርጅት ደስ ይለኛል፤ እምነት የሚገነባው እንዲህ ነው።

ከጉባኤው ዋና ባጅ ውጭ ደግሞ ሰዎች በየቤታቸው የራሳቸውን ባጅ ነድፈው፣ አሠርተው ያመጣሉ። ከሁሉም የምወደው ግን ባጅ ላይ የሚሰካው ትንሽ ተቀጥላ ነው፤ በ2018 አካባቢ አንድ የባጅ ሠሪዎች ቡድን ያስጀመረው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሁሉም ባጅ አንድ ዓይነት መሰኪያ ይኑረው፤ ከዚያ የእኔ ተቀጥላ በእናንተ ባጅ ላይ፣ የእናንተም በእኔ ላይ ይሠራል። መሰኪያው ስድስት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ሁለቱ ኤሌክትሪክ ያመጣሉ፤ አንዱ 3.3 ቮልት፣ ሌላው ግራውንድ (መመለሻው)። ሁለቱ ለንግግር ናቸው፤ አይ-ስኩዌርድ-ሲ በሚባለው ደንብ፣ በአንዱ መረጃው ይሄዳል፣ በሌላው ሰዓቱ ይመታል። የቀሩት ሁለቱ ለፈለጋችሁት ተትተዋል። ማንም ኩባንያ አላዘዘውም፤ ሁሉም ስለተስማማበት ብቻ ደንብ ሆነ። ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ በር የለም፤ በሁለቱ የኤሌክትሪክ እግሮች ላይ አንድ ሬዚስተርና አንድ ኤልኢዲ ብትገጥሙ ተቀጥላ ሠራችሁ ማለት ነው።

ሬዚስተሩ ለምን አስፈለገ? ቀይ ኤልኢዲ ሲበራ 2 ቮልት ያህል ለራሱ ይወስዳል። ከ3.3 ቮልቱ 1.3 ይተርፋል። የሚያግደው ነገር ከሌለ ከረንቱ ያለ ልክ ይፈስና ኤልኢዲውን ያቃጥለዋል። 10 ሚሊአምፒር ይበቃናል ብላችሁ ከተነሳችሁ፣ 1.3ን ለ0.01 ስታካፍሉ 130 ኦም ይመጣል። ገበያ ላይ በቀላሉ የምታገኙት 150 ኦም ነው፤ እሱን አስገቡ። መብራቱ በዓይን የማይለይ ያህል ይቀንሳል እንጂ ምንም አይሆንም። ይህች አንዲት የማካፈል ስሌት ብዙ መንገድ ትወስዳችኋለች።

ዕቃውን ከየት እናምጣ ለምትሉ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ ከላስ ቬጋስ ሰዎች የምታንሱ እንዳይመስላችሁ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያደገ ሰው ከመኪና ጎማ ጫማ፣ ከቆርቆሮ ምድጃ ሲወጣ ሲያይ ነው የኖረው፤ ዕቃን ፈቶ ሌላ ዕቃ ማድረግ እዚያ የዕለት እንጀራ ነው። ከተበላሸ ሪሞት ኢንፍራሬድ ኤልኢዲ ይወጣል። ከተሰበረ የልጆች መጫወቻ ሞተር፣ ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያና ማዞሪያ። የሞባይል ጠጋኞችን አትለፏቸው፤ ከብዙ የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ የበለጠ እጃቸው የሶልደር ሥራ ያውቃል፤ ቁጭ ብሎ ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

አራት ነገር ግን አደራ። ከግድግዳው 220 ቮልት ራቁ፤ ቻርጀርና ቴሌቪዥን ከፍታችሁ ውስጡን አትንኩ፤ ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ያበጠ ወይም የተጎዳ የስልክ ባትሪ አትውጉ፣ አታጣምሙ፤ በእሳት ይያያዛል። እነዚያ ክብ ባትሪዎች ደግሞ ትንሽ ልጅ ከዋጣቸው ጉሮሮን በፍጥነት ያቃጥላሉ፤ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የሶልደር ጭስ የሚወጣበት መስኮት ክፈቱ፤ ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ።

ላስ ቬጋስ የሚኖር ወይም ለዘመድ ጥየቃ የሚመጣ ካለ፣ ኦገስት ላይ ሙቀቱን ከቻለ ጉባኤውን ይይ። ካልቻለ በማንኛውም ጊዜ ፒንቦል ሆል ኦፍ ፌም ወደሚባለው ቤተ መዘክር ይሂድ። ቲም አርኖልድ የሚባል ሰው ያሰባሰባቸው የድሮ የፒንቦል ማሽኖች እዚያ ናቸው፤ በሳንቲም ትጫወቱባቸዋላችሁ። ከ1970ዎቹ በፊት የተሠሩት ውስጥ አንዲትም ቺፕ የለችም። ነጥብ የሚቆጥሩት፣ ተራ የሚያስታውሱት፣ ደወል የሚደውሉት በኤሌክትሪክ ማግኔት በሚዘጉና በሚከፈቱ ሪሌዎች ነው። ስትጫወቱ ሆዳቸው ውስጥ ቀጭ ቋ ሲል ይሰማችኋል፤ ኮምፒውተር ሲያስብ በጆሮ የምትሰሙት እዚያ ነው። ለልጆች ከዚህ የተሻለ ጉብኝት አላውቅም።

ወደ ሥራችን ስንመለስ፣ መጀመሪያ ምን እንሥራ ካላችሁኝ፣ ፊደል የሚያበራ ባጅ ሥሩ እላችኋለሁ። 8 በ8፣ ማለትም 64 ኤልኢዲ ያሉት ትንሽ ማሳያ ከማክስ7219 ቺፕ ጋር ተገጥሞ በርካሽ ይሸጣል። 64ቱን መብራት አንድ በአንድ በሽቦ ማገናኘት አያስፈልግም። ቺፑ በአንድ ቅጽበት አንድ ረድፍ ብቻ ያበራል፣ ከዚያ ቀጣዩን፣ ከዚያ ቀጣዩን፤ ስምንቱን ረድፍ በሰከንድ 800 ጊዜ ያህል ይመላለስባቸዋል፤ ዓይናችን ግን ሁሉም አንድ ላይ የበሩ ይመስለዋል። ከፒኮ ቦርዷ ወደ ማሳያው ሦስት የመልእክት ሽቦና ሁለት የኤሌክትሪክ ሽቦ ይበቃል። ማሳያው 5 ቮልት ስለሚፈልግ ከዩኤስቢ የሚመጣውን ስጡት። የፒኮ መልእክት 3.3 ቮልት ነው፤ የቺፑ መመሪያ ደግሞ ቢያንስ 3.5 ይላል። ብዙ ጊዜ እንዲሁም ይሠራል፤ አልታዘዝ ካለ መሐል ላይ ቮልት ከፍ የምታደርግ ትንሽ ቦርድ ጨምሩ።

አሁን «በ»ን እንጻፍ። በእያንዳንዱ ረድፍ ያሉት ስምንት መብራቶች ከግራ ወደ ቀኝ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 የሚል ዋጋ አላቸው። እንዲበሩ የምትፈልጓቸውን ትደምሩና ያንን ቁጥር ለረድፉ ትልካላችሁ። የ«በ» ጣሪያ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው መብራት ነው፤ 64 ሲደመር 32፣ 16፣ 8፣ 4 እና 2፣ 126 ይሆናል። እግሮቹ ሁለተኛውና ሰባተኛው ናቸው፤ 64 እና 2፣ 66። ስለዚህ ከላይ 126፣ ከሥሩ እስከ ታች 66፣ 66፣ 66። «በ» በራች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስታዩት ፊደላችን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላችኋል። «ቡ»ን ለመጻፍ ከመሐል ረድፎች አንዱን ብቻ ከ66 ወደ 67 ትለውጣላችሁ፤ በቀኝ ጎን አንዲት መብራት ትጨመራለች። ያቺው 67 ወደ መጨረሻው ረድፍ ስትወርድ «ቢ» ትሆናለች። የታችኞቹን ሁለት ረድፎች 2 ብታደርጓቸው ግራው እግር ያጥራል፤ «ባ»። 64 ብታደርጓቸው ቀኙ ያጥራል፤ «ቦ»። ከላይኛው አካባቢ አንዱን ረድፍ 194 ስትሉት ግራው ቋሚ ወደ ውጭ ጭረት ያወጣል፤ «ብ»። ፕሮግራሙ እነዚህን ስድስት ፊደሎች እንደ ስድስት የተለያዩ ሥዕሎች መያዝ አያስፈልገውም፤ አንድ አካልና አምስት ጥቃቅን ለውጦች ይበቁታል። በ24 ባይት ቺፕ ዘመን ቢሆን ይህ ትልቅ ቁጠባ ነበር።

የምታስቸግረው «ቤ» ናት። እግሯ ላይ ቀለበት አለ፤ ቀለበት ደግሞ ባዶ መሐል ስለሚፈልግ ቢያንስ ሦስት በሦስት መብራት ይወስዳል፤ ከቀኙ እግር ወዲያ የቀረው ግን አንድ ዓምድ ብቻ ነው። መፍትሔው አካሉን ማጥበብና ወደ ግራ መግፋት ነው። ጣሪያው 248፣ እግሮቹ 136፤ የታችኞቹ ሦስት ረድፎች ደግሞ 142፣ 138፣ 142። ወረቀት ላይ ስምንት በስምንት ሣጥን ሠርታችሁ አጥቁሩና እዩት፤ ቀለበቷ ቁልጭ ብላ ትወጣለች። «ቧ»ን ለእናንተ ትቻታለሁ።